የአልጣሽ አንገት

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. አሰላ አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከጭላሎ በኩል የመጣ በረዶ እኔንና ጓደኛዬን ግዛቸውን አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ አስጠለለን። ግዛቸው ጎንደር ተምሮ የመጣ የጤና መኮንን ነበር። በዚያ ዘመን ዝናብ ያስጠጋው ሰው ሳይጨዋወት አይለያይም ነበር። እዚያው ቆመው ያገኘናቸው የዲክሲስ ገበሬ አቶ ወልደ ሚካኤል፣ አብራቸው የቆመችው የልጃቸው የአልጣሽ አንገት ማበጥ ስለ ጀመረ በጋለ ብረት ሊያስተኩሷት ወደ ዴራ እንደሚወስዷት አጫወቱን። ሠርጓ ለጥር ነበርና ቸኩለው ነበር።

ግዛቸው ይህን ሲሰማ እንዳይወስዷት ለመናቸው።

«ልጄ፣ እናቴም አክስቴም እንቅርት ነበረባቸው። ተተኩሰው ኖሩ» አሉት።

«እንቅርቱስ ጠፋላቸው?»

«እሱስ አልጠፋም» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ ጉሮሮአችን ሥር ቢራቢሮ የመሰለ ዕጢ አለ። ከምግባችን አዮዲን የሚባል ነገር እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ በደም እየዞረ ሰውነትን ያሞቃል፣ ልጅን ያሳድጋል፣ አእምሮን ያበስላል። ሆርሞኑ ሲያንስ አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ‹ጨምር› ብላ ታዘዋለች፤ ሲበቃ ትእዛዟን ትቀንሳለች። የደጋችንን አፈር ግን ዝናብ አጥቦት አዮዲኑ አልቋል። ስለዚህ ትእዛዙ አያቋርጥም፤ ዕጢውም ልሥራ እያለ ያብጣል።»

«ዘር ሳይኖረው ዝራ እየተባለ የሚጨነቅ ገበሬ በለኛ።»

«እንደሱ ነው። ገበሬውን ቢተኩሱት ዘር ያመጣል?»

አቶ ወልደ ሚካኤል ፈገግ አሉ። ሆኖም የአባቶችን መድኃኒት መናቅ ከብዷቸው መልሰው ወደ መንገዱ ሲያዩ፣ እስከዚያ አንገቷን ደፍታ የነበረችው አልጣሽ፣ «አባዬ፣ ብረቱን ፈርቻለሁ» አለች።

ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ ያዙ። በረዶው ሲያባራ የዴራን መንገድ ትተው ግዛቸው ወደሚሠራበት ክሊኒክ ተከተሉን።

ግዛቸው መርምሯት የአዮዲን ጠብታ በልክ አዘዘላት፤ አወሳሰዱንም ራሱ ይከታተል ነበር። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ተዳረች፤ ስታረግዝም አዮዲን ያጣች እናት አእምሮው የደከመ ልጅ ልትወልድ እንደምትችል ስለ ተነገራት ክትትሏን አላቋረጠችም። ጤናማ ሴት ልጅ ወለደች።

ያ ጊዜ አሁንም ይናፍቀኛል። ከአሰላ ስዛወር በገበያው መሐል አለፍሁ። አቶ ወልደ ሚካኤል አንገቷ ያበጠ አንዲት ባልቴት አጠገብ ቆመው፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ ስለ ዕጢው ያስረዳሉ። ባልቴቷ ራሷን እየነቀነቀች ትከራከራቸዋለች። እሳቸው ግን ቅርጫቷን ተቀብለው ተሸከሙና ወደ ክሊኒኩ ቀድመዋት ሄዱ።