ዳቦ ቤቱን እምቢ ሊሉ የነበሩት ወይዘሮ ግሌኒስ

በላኔሊ ከተማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ወይዘሮ ግሌኒስ ግን የዚያ ሐሙስ ዝናብ ለእሳቸው ብቻ የተላከ ይመስል እየተራገሙ ወደ አውቶቡስ መጠለያው ገቡ። ያናደዳቸው ግን ዝናቡ አልነበረም። በዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ግማሽ ቀን እየሠሩ ዓመታት አሳልፈዋል። አሁን አሠሪያቸው ሚስተር ሃውልስ ጉልበታቸው ስለደከመ፣ «ምድጃውንም ሱቁንም ሙሉ ቀን ይያዙልኝ፤ እስከ ቅዳሜ ካልመለሱልኝ ከጎረቤት ከተማ ከስዋንሲ ሰው አመጣለሁ» ብለዋቸዋል። ያንን ምድጃ ወይዘሮ ግሌኒስ ከልባቸው ይመኙታል። ሆኖም እምቢ ሊሉ ቆርጠዋል።

መጠለያው ውስጥ የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ካሪስ ቆማ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በከተማው ነጻ የምክር ቢሮ የምትሠራ ወጣት ናት።

«አክስቴ ግሌኒስ! ምነው ፊትዎ ጠቆረ? አጎቴ ኤልዊን ደኅና ናቸው?»

«ያው ደረቱ ነው ልጄ። ሠላሳ ዓመት ብረት አቅልጦ ያተረፈው ሳል ነው» አሉ ስለ ባላቸው፤ ቀጥለውም የሚስተር ሃውልስን ነገር ነገሯት።

«ታዲያ እንኳን ደስ አለዎት!»

«የምን ደስታ? ደመወዜ ሲጨምር የመንግሥት ድጎማው ይቀራል። ኪራዩን አንቺ ትከፍይልኛለሽ?»

«ይቀራል ያለዎት ማን ነው?»

«ማን ሊለኝ? በዓይኔ አየሁ እንጂ! እህቴ ሜር እናታችንን ስታስታምም የአስታማሚ ክፍያ ትቀበል ነበር። ትንሽ ትርፍ ሰዓት ሠራችና በጥቂት ፓውንድ ወሰኑን አለፈች። ሙሉውን ነጠቋት፤ የበላችውንም መልሺ አሏት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!»

ካሪስ አልሳቀችም። የተማሩ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የትልልቅ ሰዎችን ፍርሃት አላዋቂነት ነው ብለው ያጣጥሉታል። የወይዘሮ ግሌኒስ ፍርሃት ግን አባት እናት ያለው ፍርሃት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

«እህትዎ ላይ የደረሰው እውነት ነው» አለች ካሪስ። «የዚያ ክፍያ ሕግ እንደ በር ነው፤ ወሰኑን በትንሽም ቢያልፉ ጥርቅም ይላል። ክፉ ሕግ ነው፣ እኔም ቢሮ ስሟገተው ነው የምውለው። እርስዎ ግን ያንን ክፍያ ይቀበላሉ?»

«እኔማ የለኝም። የኛ ለኪራዩም ለኤልዊን ሕመምም አንድ ላይ የሚሰጡን ነው።»

«እንግዲያው የእርስዎ እንደ ቧንቧ ነው። ደመወዝዎ ሲጨምር ውኃው ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ ባንዴ አይዘጋም።»

«እናንተ ቢሮ ያላችሁ ሰዎች ‹ቀስ› ስትሉ እኔን ኪሴን ያመኛል። ስንት ነው የሚቀንሰው?»

«አጎቴ ኤልዊን በሕመም ምክንያት መሥራት ስለማይችሉ ከደመወዝዎ የመጀመሪያው ድርሻ አይነካም። ከዚያ በላይ በሚደርስዎት በእያንዳንዱ ፓውንድ ድጎማው ሃምሳ አምስት ፔንስ ይቀንሳል፤ አርባ አምስቱ ለእርስዎ ይተርፋል።»

«ከግማሽ በላይ! ይኼማ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው!»

«ብዙ እንደሚወስድ አልክድም። የማዘጋጃ ቤቱ ግብር ቅናሽም ሊያንስብዎት ይችላል። ግን ሁሉም ተደምሮ ሲታይ ቤትዎ የሚገባው ይበዛል እንጂ አያንስም። አንድ ቀን ሥራው ቢቀዘቅዝና ደመወዝዎ ቢወርድ ደግሞ ድጎማው መልሶ ከፍ ይላል። ቃሌን ብቻ አይመኑ፤ ነገ ቢሮ ይምጡና ቁርጡን አብረን እናስላ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ወይዘሮ ግሌኒስ ግን አልተሳፈሩም።

«ሚስተር ሃውልስ ከዚህ በፊትም ለምነውኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «የሜርን ሕግ በራሴ ላይ አውጄ ነው የኖርኩት?»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። ካለመጠየቅም ምድጃ ይቀራል፤ ይህን ለማለት ደጃዝማች መሆን አያሻም።

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ ሲያሰሉት ነገሩ ካሪስ እንዳለችው ሆነ። ወይዘሮ ግሌኒስ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ አመሩ። ሚስተር ሃውልስ በሩን ሊቆልፉ ነበር።

«ምድጃውን እይዛለሁ» አሏቸው። «ከዛሬ ጀምሮ።»

«ዛሬማ ዘጋሁ እኮ!»

«ይክፈቱታ!»

ሥራው ያማረ ነበር። የዘቢብ ቂጣቸው ገና ሳይበርድ ያልቅ ጀመር። ሙሉ ቀን በመሥራታቸው አሠሪያቸው የጡረታ ቁጠባ ያስቀምጡላቸው ጀመር፤ በግማሽ ቀን ደመወዝ ያልነበረ ነገር ነው። ሆኖም የድጎማው ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ስሌት አንድ ነገር፣ ፍርሃት ሌላ ነገር ነውና።

ቀኑ ደረሰ። ኤልዊን ስልካቸውን ከፍተው አዩና፣ «ቀንሰውታል» አሉ።

ወይዘሮ ግሌኒስ ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። «ቀርቷል ወይስ ቀንሷል?»

«ቀንሷል ነው ያልኩሽ። ደመወዝሽን ደምሪበት እስቲ።»

ደመሩ፤ ኪራዩን ቀነሱ፤ የሚበሉትን ቀነሱ። ሳይሳሳቱ አልቀሩም ብለው እንደገና ደመሩ። ቤታቸው እንዲህ ያለ ትርፍ አይቶ አያውቅም። ኤልዊን እየሳሉ ተነሡና፣ ወጪ ፈርተው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ በሚከፍቱት የቤት ማሞቂያ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ልክፈተው?»

«ክፈተው።»

«ለስንት ሰዓት?»

«እስክንተኛ» አሉ ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ካፖርታቸውን እያወለቁ።