እየለካው የሞተበት ዲስክ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በምትወጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ያለውን ወጣት ጠየቁት።

«የታቀፍከው ምንድነው፣ ልጄ?»

«ሃርድ ዲስክ ነው፣ እማማ። አባቴ ጨንቻ ሸማ እየሠራ ሲያወራኝ የቀረጽኩት ቪዲዮ ነበረበት።»

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«መንቀርፈፍ ጀመረ። ፍጥነት የሚለካ ሶፍትዌር ጫንኩና ስለካው፣ ስለካው ሰነበትኩ፤ ዛሬ ጭራሽ አልነሳም አለ።»

«መጀመሪያ ቪዲዮውን ወደ ሌላ አትገለብጠውም ነበር?»

«ምን ያህል እንደተበላሸ ላውቅ ብዬ ነው።»

«ወይ ጉድ! የታመመ ሰው ምን ያህል እንደደከመ ለማወቅ ዳገት ያስሮጡታል? በል አባትህን ደግመህ ቅረጻቸው።»

«ከቀበርነው ዓመት ሊሆነን ነው።»

«ውይ፣ አፈር ስሆን! ምንም አልተረፈህም?»

«የፍጥነቱ ውጤት አለ፤ በለካሁት ቁጥር ፎቶ እያነሳሁ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።»

እኔም ስልኬን አውጥቼ የቀዳሁትን የእናቴን ድምፅ ፈለግኩና፣ እንደ ዲስኩ እንዳይሆንብኝ ሰግቼ ሳልከፍተው ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።