ያበበው ድንብላል

ጋሽ ጽዱ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሱት ሚስታቸው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በስሙ የሚጠሯቸው ሲናደዱ ነው። በጋሽ ጽዱ የአትክልት ጓሮ ያለቦታው የበቀለ ሣር ውሎ አያድርም። የጎመን መደቦቹ በገመድ የተለኩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አፈር እንግዳ የሚጠበቅበት ግቢ ይመስል ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። ድንብላሉ ደግሞ ገና ሊያብብ ጫፉ መቅጠን ሲጀምር ከነሥሩ ይነቀላል። «ድንብላል ያበበበት ጓሮ ባለቤቱ ተኝቷል ማለት ነው» የሚል ከአባታቸው የወረሱት ሕግ አላቸው። ሕግ ሲወረስ ለምን እንደወጣ አብሮ አይወረስምና፣ ጋሽ ጽዱ ምክንያቱን ጠይቀው አያውቁም።

ታዲያ አንድ ጠዋት እኚህ ጥንቁቅ ሰው የእርሻ መድኃኒት መሸጫው ባንኮኒ ላይ ተደግፈው፣ ካለፈው የበረታ የተባይ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ባለሱቁን ይጠይቃሉ። ባለሱቁም ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረደ። ይኸኔ ከበስተኋላቸው አንዲት ወጣት እጅ ነሳቻቸው። ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ስለ ተባይ ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ስለሆነች ሰፈሩ «የትል ሐኪሟ» ይላታል። እሷም አትቀየምም፤ እንዲያውም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እትዬስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ቤት ናት» አሉ ጋሽ ጽዱ፣ ጠርሙሱን እያገላበጡ።

«ቤት ናት» ያሉት ቀለል አድርገው ነበር፤ ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሰፈሩ እትዬ የሚላቸው ሚስታቸው ከተጋቡ ጀምሮ ከጎመኑ መደብ ተለይተው አያውቁም ነበር። ጋሽ ጽዱ ሲኮተኩቱ እትዬ በአጭር በርጩማ ተቀምጠው ከየቅጠሉ ትል ይለቅማሉ። ያወራሉም። ወሬው ያው ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተኳረፈ ነው፤ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ያደርሳል። ኋላ ክሽክሽ በረታ፤ ያ ከቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጥ፣ አረንጓዴ ቅማል የመሰለ ተባይ። ጋሽ ጽዱም መድኃኒት መርጨት ጀመሩ። መድኃኒቱ የእትዬን ዐይን አቃጠለ፣ ደረታቸውን አፈነ። አንድ ቀን እትዬ በርጩማቸውን ከጓሮው በር አጠገብ አስቀመጡና «ይህን ነገር ስታቆም ጥራኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። አልተጣሉም። አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፣ ማታ ይጨዋወታሉ። ጓሮው ውስጥ ግን ጋሽ ጽዱ ብቻቸውን ቀሩ። መርጨቱን ቢያቆሙ ጎመኑ የክሽክሽ ሊሆን፣ ቢቀጥሉ በርጩማው ባዶውን ሊቀር። ይህ ጭንቀት እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከአነጋገራቸው አልሰማችም፤ የሰማችው ከእናቷ ነው።

«ከመርጨትዎ በፊት ጓሮውን ባየው ይፈቅዱልኛል?» አለች።

«እዪው እንጂ። ካሮት እየሰረቅሽ ያደግሽበት ጓሮ አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ የሰረቅሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

«የያዝኩሽ ሁለት ጊዜ ነው» አሉ ጋሽ ጽዱ፣ ጠርሙሱን በብብታቸው ይዘው እየወጡ።

ጓሮው እንደደረሱ ልጅቷ በመደቦቹ መካከል ተመላለሰች። ጋሽ ጽዱ ምስጋና ለመቀበል ተዘጋጅተው ቆሙ።

«ንጹሕ ነው። ከንጽሕናው የተነሳ የሚበላ ነገር የለበትም።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑ ለእኛና ለክሽክሹ ነው። እኔ ያልኩት ለሌሎቹ ነው።»

ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ከመጠየቃቸው በፊት አንድ ቅጠል ገለበጠች። ክሽክሹ ተነባብሯል። በመካከሉ እግር የሌላት፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ትል ተኝታለች። ጋሽ ጽዱ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ሰነዘሩ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች፤ የታላቅ ሰው እጅ መያዝ ነውር መሆኑን ታውቃለችና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ትንሽ ታግሰው እንዲያዩ ለመነቻቸው። ትሏ አንገቷን እንደ ዐይነ ስውር ወዲህና ወዲያ ወዘወዘች፤ አንዱን ክሽክሽ ስትነካ ያዘችው፣ ሽቅብ አነሳችው፣ ቆዳው ብቻ እስኪቀር መጠጠችው። ጣለችና ወደሚቀጥለው ዞረች።

ጋሽ ጽዱ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ይህችን ትል እኔና እትዬ ስንፈጫት ነው የኖርነው።»

«ትል ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ጋሼ። እኔም ካሮት ስሰርቅ አላውቃትም ነበር።»

ሽማግሌው ግን በአንዲት ትል የሚረቱ ሰው አይደሉም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሙግታቸውን ጀመሩ።

«መልካም፤ ወዳጅ ናት እንበል። ታዲያ ወዳጅ እያለኝ ይህ ሁሉ ክሽክሽ ከየት መጣ? በችግር ቀን ያልደረሰ ወዳጅ ምን ይረባል?»

«የትሏ እናት ንብ የምትመስል፣ ግን የማትናደፍ ትንሽ ዝንብ ናት። አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ሳያዩዋት አይቀሩም። ክሽክሽ የሚበሉት ልጆቿ ናቸው እንጂ እሷ አትበላም። የእሷ ምግብ የአበባ ወለላና የአበባ ዱቄት ነው። እሱን ካላገኘች እንቁላል መጣል አትችልም። ሌላም አለች፤ ከጉንዳን ያነሰች ተርብ፣ እንቁላሏን ክሽክሹ ሆድ ውስጥ የምትጥል። እሷም ወለላ ካልቀመሰች ዕድሜዋ አጭር ነው። እርስዎ ጓሮ ደግሞ አንዲት አበባ የለችም። መንገድ የሳተች አንዷ ታርፋለች፣ ሌሎቹ ያልፋሉ።»

«ስለዚህ በስተርጅና ዝንብ ልቀልብ ነው የምትዪኝ?»

«ጋሼ፣ መሬት ሲያስቆፍሩ ለሠራተኛው ምሳ የሚያቀርቡት መቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ ያመጣችው አውቃ ነው። ጋሽ ጽዱ ሠራተኛ ሳይበላ እሳቸው እንደማይቀምሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሥራው ሲጋመስ ነዋ። በባዶ ሆዱ የሚቆፍር ሰው መሬቱን ሳይሆን ፀሐይን ነው የሚያየው።»

«እነዚህም ሠራተኞች ናቸው። ምሳ የሌለበት ቤት አይሠሩም። መድኃኒቱ ክሽክሹንም እነሱንም አብሮ ይፈጃል። ከዚያ ክሽክሹ ቶሎ ይራባል፣ እነሱ ግን ይዘገያሉ፤ ለዚህ ነው በየጊዜው የበረታ የሚፈልጉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?»

ጋሽ ጽዱ ሳይታወቃቸው በብብታቸው የያዙትን ጠርሙስ ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ የቀራቸውን ሙግት ሁሉ ደረደሩ፤ አበባ ውሃ ይሻማል፣ ጥላ ያጠላል፣ ሌላ ተባይ ይጠራል። ልጅቷ አንድ በአንድ በትሕትና መለሰች። ማንኛውም አበባ አይሆንም፤ ጎድጓዳ አበባ ለአጭር አፋቸው አይመችም፤ የሚስማማቸው እንደ ድንብላልና እንደ እንስላል ያለ ጥቃቅንና ክፍት አበባ ነው፤ ለዚያም ጠባብ መስመር ይበቃል። እውነተኛው ሙግት ግን ሁልጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

«ድንብላል አብቦብኝ? ሰው ምን ይለኛል? ጋሽ ጽዱ አረጀ፣ ሰነፈ ነው የሚባለው።»

ልጅቷ አልሳቀችም።

«ሊሉ ይችላሉ። ግን የሚሉት ሰዎች እዚያ በርጩማ ላይ መጥተው አይቀመጡም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጽዱ በሩ አጠገብ ወዳለው በርጩማ ተመለከቱ። አቧራ ጠጥቷል። እሳቸው የጓሮውን አፈር ሳይቀር የሚጠርጉ ሰው፣ ያን በርጩማ ለመጥረግ ልብ አላገኙም ነበር።

በዚሁ ተስማሙ። ጠርሙሱ ሳይከፈት የመሣሪያ ማስቀመጫው መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ በአንደኛው ዳር ያለው ድንብላል አይነቀልም፤ ከአጠገቡም እንስላል ይዘራል። አበባው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ልጅቷ ስኳር በውሃ በጥብጣ ቅጠሎቹ ላይ በመጥረጊያ አስረጨቻቸው። ጣፋጩን ቀምሰው ባለ ክንፎቹ ይሰበሰባሉ አለች።

የተሰበሰበው ጉንዳን ነው። ጋሽ ጽዱ አስጠሯት፤ ስትመጣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ስኳሬን በጉንዳን አስበላሽብኝ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ጉንዳኖቹ በክሽክሹ መካከል ይንጎራደዳሉ፤ አንዱ ያችን አረንጓዴ ትል ይዞ እየጎተተ ነው። ፊቷ ቀላ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። እኛ የሞከርነው ጉንዳን በሌለበት ማሳ ነበር። ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ስለሚወድ ዘበኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔ ለሠራተኛው ምሳ አቀርባለሁ ብዬ የሌባውን ዘበኛ ቀለብኩ።»

ይህን ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥታ ቅጠሉን አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር። ጋሽ ጽዱ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩዋትና እሳቸውም ጨርቅ ይዘው ተቀላቀሉ። ሽማግሌው ልጅቷን ከልብ ማመን የጀመሩት በዚያ ቀን ነው። ጠዋት ሙሉ ስትናገር ያልረታቻቸው ልጅ፣ ስታጥብ ረታቻቸው። ለመምከር የሚነሳ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው፤ ተመካሪ የሚያየው የመካሪውን አፍ ብቻ አይደለም።

ድንብላሉ አበበ። ለጋሽ ጽዱ መከራ ነበር። በየጠዋቱ እጃቸው ሊነቅለው ይሄድና ይመለሳል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

«ጋሽ ጽዱ፣ አሞዎት ነው እንዴ? ድንብላልዎ ሸበተ እኮ» አላቸው።

«ምሳ ነው።»

«የማን ምሳ?»

«የሠራተኛ።»

ልብስ ሰፊው ጓሮውን ቢያማትር ሠራተኛ አላየም። ያን ቀን መርፌውን ትቶ ጋሽ ጽዱ እንደቃዡ ሲያወራ ዋለ። ወሬው ለጋሽ ጽዱ ደርሷቸዋል፤ አንገብግቧቸዋልም። ግን ጓሮው ውስጥ የሚያዩት ነገር ነበር። በነጩ አበባ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ንብ የመሰሉት ዝንቦች አየር ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ይጠጡና ወደ ጎመኑ ይወርዳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ ከጊዜ በኋላ ለድንብላሉ ቅርብ የሆነው መደብ ለምለም ሆነ። ቅጠሉን ሲገለብጡ ትሎቹ በዝተዋል። ክሽክሹ ከፊሉ አልቋል፤ ከፊሉ እንደ ደረቀ ፍሬ አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ጀርባው ተበስቷል። ልጅቷን ጠርተው ሲያሳዩአት ያች ትንሿ ተርብ አድጋ የወጣችበት ቀዳዳ መሆኑን ነገረቻቸው።

የማዶው መደብ ግን እንደተጨማደደ ነው። ጋሽ ጽዱም ይህ ለምን ሆነ አሉ።

«ምሳው ሩቅ ነው። እዚያም መስመር ይዝሩላቸው። ደግሞ ክሽክሹ ጨርሶ አይጠፋም፣ ጋሼ። ጥቂት ይቀራል፤ ከጠፋማ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ? እዚህም እዚያም አንዳንድ የተጨማደደ ቅጠል ማየት መልመድ አለብን።»

«ሁሉንም እፈውሳለሁ ብትዪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉ ጋሽ ጽዱ።

ጠርሙሱን ለባለሱቁ መለሱለት። ባለሱቁ አልሠራ ብሏቸው እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ጽዱ እንዳልከፈቱት ነግረውት፣ የእንስላል ዘር እንዳለው ጠየቁት።

ቤት ሲገቡ እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ልብስ ይጥፋሉ። ጋሽ ጽዱ በሩ ላይ ቆሙና «ነይ» አሉ። ሌላ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ አፋቸው ላይ የመጣው ግን ይኸው ብቻ ነው። እትዬ ተነሱ፤ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ባላቸው ቀረቡና የኮታቸውን አንገትጌ አሸተቱ። መድኃኒት መርጨታቸውን ሁልጊዜ የሚያውቁት በዚህ ነበር፤ ባል ቢደብቅ አንገትጌ አይደብቅም። አሁን የሚሸተው ድንብላል ነው።

«ሌላ ኮት ነው?»

«ኮቱ ያው ነው። ረጪው ነው የተለወጠው።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጽዱ ቀድመው ወጡና በርጩማውን በጨርቅ ወለወሉት። እትዬ መጥተው ሲቀመጡ፣ ጋሽ ጽዱ ከልጅቷ የሰሙትን ሁሉ ራሳቸው እንዳገኙት አድርገው ተረኩላቸው። ዐይን የሚያቃጥል፣ ደረት የሚያፍን ነገር ከዚህ ግቢ መውጣቱን፤ ጎመኑ ተቆርጦ ለልጅ ቢሰጥ እንደማያሰጋ፤ ጠባብ የአበባ መስመር ሲተውላቸው በክንፍ የሚመጡ ሠራተኞች ሳይጠሩ እንደሚመጡ፤ ንጽሕና ማለት ባዶነት እንዳልሆነም ነገሯቸው። እትዬ ሳል ሳያቋርጣቸው አዳመጡ። እያዳመጡም፣ እጅ ልማዱን አይረሳምና፣ አንድ ቅጠል ገለበጡ። አንዲት አረንጓዴ ትል አዩ፤ ጣታቸውን ሰነዘሩ።

ጋሽ ጽዱ የእትዬን እጅ ያዙ።

«ተያት። ሠራተኛችን ናት።»

እትዬ ትሏን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። በርጩማቸውን ወደ ድንብላሉ ጠጋ አደረጉና፣

«ታዲያ ምሳ በልታለች?» አሉ።