ባለመስታወቱ ቁምሳጥን

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። የተገነጠለውን ሰፍቼ፣ የላላውን በሙጫ አጣብቄ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ምላሴ ሥራ ይፈታል፤ በሰው ጉዳይ መግባት እወዳለሁ፣ አልክድም።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጎረቤቴ ሽማግሌው አናጢ ትልቅ መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልለው እያቃሰቱ መጡ። ሮጥ ብዬ አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለልጅ ልጄ ነዋ! ዘንድሮም አንደኛ ወጣች እኮ! በየዓመቱ መጽሐፍ እሸልማታለሁ፤ የመጀመሪያው ቁምሳጥን ስለሞላ ሁለተኛ ልሠራላት ነው። እንደ መጀመሪያው መስታወትና ቁልፍ ያለው።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ኪስ ነው እንጂ! አቧራ እንዳይነካው፣ እጅ እንዳያቆሽሸው። እንግዳ ሲመጣ በመስታወቱ አይቶ ያደንቃል።»

ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል! ስንት ጊዜ ግራ ሲገባኝ የከረመው ገባኝ።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«ብቆጣስ መቼ ትተዋለህ! ተናገር።»

«ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ እኔ ጋ ትመጣለች። ሊጠረዙ የመጡ መጻሕፍትን ቆማ ታነባለች። ባለቤቶቹ ሲወስዱባት ግማሽ ላይ ትቀራለች። ስለ ሰማይና ከዋክብት የሚናገረውን ትናንት ወሰዱባትና ‹ጨረቃ ስንሄድ ለምን እንደምትከተለን ልደርስበት ስል!› ብላ እንባዋ መጣ።»

አናጢው መስታወቱን ግድግዳ ላይ አስደገፉት።

«የከዋክብቱን? እሱን እኮ አምና ገዝቼላታለሁ! ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው!»

«ታዲያ አውጡልኝ ብላ አልጠየቀችዎትም?»

«ጠይቃኛለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹ስታድጊ› አልኳት።»

«የመጀመሪያ መጋዝዎን ማን ሰጠዎት?»

«አባቴ ናቸዋ።»

«ቆልፈውበት ነው የሰጡዎት?»

«አብደሃል እንዴ! በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቴን ቆረጥኩበት፤ ይኸው ጠባሳው።»

«ከዚያስ ነጠቁዎት?»

«የለም፤ አያያዙን አሳዩኝ።» ጠባሳውን ትክ ብለው አዩት። «ብትቀደውስ?»

«ትቅደደው እንጂ ጋሼ! እኔ ምን ልበላ ኖሯል?»

ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«እውነቱን ልንገርህ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ‹አባባ፣ ይሄ ለምንድን ነው?› እያለች ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ሁሉን ከመጽሐፍ ካገኘችው እኔን ምን ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ይህን አልጠበቅሁም።

«ጋሼ፣ ያነበበ ልጅ ጥያቄው ይበዛል እንጂ አያልቅም። መልሱን አብራችሁ ትፈልጉታላችሁ።»

መስታወቱን አንስተን ቤታቸው አደረስነው።

ለሁለተኛው ቁምሳጥን የታሰበው እንጨት የማንበቢያ ጠረጴዛ ሆነ፤ መስታወቱ ላዩ ላይ ተነጠፈ። የመጀመሪያውን ቁምሳጥን ቁልፍም ለልጅቷ ሰጧት። እሷ ቁምሳጥኑን ከፍታ እንደገና አልቆለፈችውም አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ትምህርት ለሚወድ ልጅ ስጦታ ስትሰጥ አብረህ ፈቃዱን ስጠው። ልጁ የጀመረውን ይጨርሳል፤ የሚጠይቀውም ነገር አያጣም፤ አንተም የማታውቀውን ከልጅህ ትማራለህ።

ልጅቷ ሱቄ መምጣቷን ተወች። እውነት ለመናገር ናፈቀችኝ። ከወር በኋላ ግን አናጢው እያለከለኩ ገቡና የከዋክብቱን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሽፋኑ ተላቅቋል፤ ገጾቹ ጠርዛቸው ጠቁሯል፤ አንዱ ላይ የእንጨት ሙጫ ያለበት የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ጠባሳው ሳይቀር ይታያል።

«በንባብ ብዛት ነው የተገነጠለው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ቶሎ በልልኝ እንጂ! ጨረቃ ለምን እንደምትከተለን ልታነብልኝ ስትል ነው እጃችን ላይ የተበተነው!»