ከመረቡ ያሸሸኝ ዓይን

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ ነገሩ በሰመር ነው፣ የዴንቨር ፀሐይ አናት ሲበሳ። ልጄ ቤዝቦል የሚሉትን የዱላና የኳስ ጨዋታ ሊያሳየን ወስዶ ኳስ ከሚከለክለው መረብ ኋላ አስቀመጠን። አጠገባችን ያለች ፈረንጅ የልጅ ልጄን ሶስናን ትክ ብላ እያየች "ሶ ቢዩቲፉል!" ትላለች ደጋግማ፤ እንዴት ታምራለች ማለቷ ነው። ዓይኗን አላመንኩትም። ሶስናን አቅፌ መረብ ወደሌለበት ወንበር ሄድኩ። "እማዬ፣ እዚያ ኳስ ይመታችኋል!" አለኝ ልጄ። "ከኳስ የሰው ዓይን ይብሳል!" አልኩት።

አፌን ሳልዘጋ ኳሷ እያፏጨች መጣች። ልጅቷ ላይ ተደፋሁባት፤ ኳሷ ትከሻዬን መትታ አነደደችኝ! "አየህ? ዓይኗ እዚህም ድረስ ተከተለን!" ብዬ ጮኽኩ። ሴትዮዋ በረዶ ይዛልኝ ስትሮጥ መጣች፤ እየጠረጠርኳትም ቢሆን ተቀበልኳት። ሶስናን ምንም አልነካት፣ የኔም ትከሻ በሳምንቱ ዳነ። ልጄ ግን እስከ ዛሬ ስቴዲየም ሲሄድ ሶስናን ይዞ፣ እኔን ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው ቤታችን ትቶኝ ነው።