የአሥር አለቃ አለነ ግዳይ

አያ ቢያዝን ከጭልጋ ተነስተው አዘዞ ሲወርዱ ለባለቤታቸው ለሽታዬ «ጨው ልገዛ ነው» ብለዋቸው ነበር። ጨው እንኳ እዚያው ጭልጋ ገበያ ሞልቷል! እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሽማግሌው በየወሩ አዘዞ የሚመላለሱት ከጦሩ ሰፈር ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ከማኪና የሚወርደውን ወታደር ሁሉ አንድ በአንድ ሊያዩ ነው። ልጃቸው አለነ ወደ ኦጋዴን ከሄደ ስድስት ዓመቱ። «ግዳይ ሳትጥል ፊቴን እንዳታይ» ብለው የላኩበትም ራሳቸው ናቸው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ራሱ ከልክሎ ራሱ ይጠብቃል።

ያን ቅዳሜ ከጭነት ማኪና አንድ ሃምሳ አለቃ ወረደ። ጀርባው ላይ ቱቦ ያለው የቆርቆሮ ዕቃ አዝሏል።

«አንተ ወንድሜ፣ ምነው ጠመንጃህ? ይኸ ያዘልኸውስ ምን የሚሉት ነው?» አሉት አያ ቢያዝን።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ። የተባይ መድኃኒት መርጫ ነው። የጦሩ ጤና ጥበቃ ባለሙያ ነኝ፤ ክንዴ እባላለሁ።»

«ቅማል አባራሪ ነኝ በለኛ!» ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀላቸውም። «የእኔም ልጅ እንዳንተው ነው። የአርበኛ የቢያዝን ልጅ ጠላት ጥሎ ይመጣል ሲባል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይውላል አሉ። ጉድ እኮ ነው!»

ክንዴ ዕቃውን ቀስ ብሎ አወረደና ባርኔጣውን አወለቀ። «እርስዎ የአሥር አለቃ አለነ አባት ነዎት? ነገ ጭልጋ ድረስ ልመጣልዎ ነበር። ጓደኛዬ ነው፤ መልእክት ይዣለሁ።»

አያ ቢያዝን ዘለፋቸውን ሁሉ ረሱ። «ከስቷል?» አሉ ወደሱ ጠጋ ብለው። «ልጅ ሆኖ ያስለው ነበር። አሁንም ያስለዋል?»

«ደህና ነው። ለፋሲካ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ‹አባቴ ከፈቀደ እመጣለሁ፤ ካልፈቀደ ሐረር ለመቅረት እፈርማለሁ፤ ከእንግዲህ አላስቸግረውም› ብሏል። ሰኞ መልሱን በቴሌግራም ልልክለት ነው።»

‹ይምጣ!› የምትለው ቃል አፋቸው ላይ ደረሰች። ነገር ግን በየሠርጉ ዳስ የሚሰማው ሽለላ፣ ግዳዩን እየቆጠረ የሚፎክረው የጎረቤት ጎረምሳ ሁሉ በዓይናቸው መጣባቸው፤ ቃሏን ዋጧት።

«መጥቶስ?» አሉ። «የሰው ልጅ ግዳዩን ቆጥሮ ሲፎክር የኔው ተነስቶ ምን ሊል ነው? አንገቱን ደፍቶ ከሰው በታች ሲቀመጥ ከማየው፣ ናፍቆቱን እችለዋለሁ። እስከዛሬስ ችዬው የለ?»

አልቻሉትም፤ ቢችሉትማ ዋርካው ሥር ምን አስቀመጣቸው?

ክንዴ ከጎናቸው ተቀመጠ። «አያ ቢያዝን፣ ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በጣሊያን ጊዜ በረሃ ስትወርዱ ስንት ነበራችሁ?»

«አርባ ሦስት። ሁሉም ሸጋ ሸጋ ልጆች!»

«በጥይት የወደቁትስ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ዘጠኝ።»

«በሕይወት የተመለሱት?»

«ከኔ ጋራ አሥራ አንድ።»

«ሃያ ሦስቱስ የት ገቡ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሽታዬ እንኳ ያልነገሩትን ነገር ለዚህ ለማያውቁት ሰው ተናገሩ።

«ተስቦ ነው የፈጀን። ታናሽ ወንድሜ አዘዘ ዋሻ ውስጥ ገላው እሳት ሆኖ፣ ‹ወንድም ጋሼ፣ ውኃ› እያለ እጄ ላይ ሞተ። በርኖሱን ለመታሰቢያ ብለን ለባልንጀራው አለበስነው። በአሥራ አምስት ቀኑ ያም ወደቀ። የሱንም ለሌላው አለበስን። በጥይት ለሞተው ስንፎክር፣ ለአዘዘ አንድ ቀን ፎክሬለት አላውቅም። ደሙን ከማን ልመልስ? ገዳዩ ማን ነው ልበል?»

«ገዳዩማ በርኖሱ ውስጥ ነበር» አለ ክንዴ በትሕትና። «ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ቅማል ናት። እናንተ በፍቅር ያለበሳችሁት ልብስ ይዟት ዞረ። ባለማወቅ የተሠራ ነውና ራስዎን አይውቀሱ። ያው ተስቦ ኦጋዴን እኛም ዘንድ ገብቶ ነበር። በሳምንት ሰባት ሰው ቀበርን። አለነ በርሜል ጥዶ የስድስት መቶ ወታደር ልብስ ቀቀለ፤ ራስ አስላጨ፤ ከአዛዡ ጀምሮ በሁሉም ላይ የቅማል መድኃኒት ነሰነሰ። አንዱ ወታደር ‹የሟች ወንድሜን ካፖርት አልሰጥም› ብሎ ጠመንጃ ደገነበት።»

«ኧረ በስመ አብ! ሸሸ?»

«አልሸሸም። ‹ብትተኩስም ካፖርቱ ይቀቀላል› ብሎ አፈሙዙ ፊት ቆመ። ወታደሩ አልቅሶ ሰጠው። በአርባ ቀን ውስጥ በሽታው ጠፋ። አዛዡም ጦሩን አሰልፎ የአለነን ስም ጠራ። ‹ቅማል አባራሪ› ሲለው የነበረ ጦር በሙሉ ሰላምታ ሰጠው። እኔም ታምሜ ነበር፤ ዛሬ ከእርስዎ ጋራ የማወራው በሱ ነው።»

አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ታዲያ የአዘዘን ገዳይ ልጄ አገኘው ማለት ነዋ?»

«አገኘው፤ ስድስት መቶ ሰውም ከእጁ አስጣለ።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ዱላቸውን እንደ ጦር ነቅንቀው መንገዱ መሀል ገቡ፤ ገበያተኛው ቆሞ አየ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የአለነ አባት!
ያጎቱን ገዳይ በእሳት የቀቀለ፣
ስድስት መቶ ጀግና ከሞት የነጠለ!»

ሦስተኛውን ስንኝ ሊሉ አልቻሉም፤ እንባ ቀደማቸው። ክንዴ ደግፎ አስቀመጣቸው።

«እኛ አገር እስካሁን የሟች ልብስ ለዘመድ ይታደላል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምን ይሻላል?»

«ይታደል፤ ግን አስቀድሞ ይቀቀል። ገላና ልብስ በየሳምንቱ ይታጠብ፤ መጸዳጃውም ከምንጩ ይራቅ። ይኸን ያደረገ ቀዬ ልጆቹን አይቀብርም፤ ገበሬውም በእርሻ ወራት ታሞ አይተኛም።»

«እናገራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ እናገራለሁ። ልጄ ነው ያስተማረኝ እላለሁ።»

ክንዴ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። «ለቴሌግራሙ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹ናፍቀኸኛል፤ ና› በለው» አሉ አያ ቢያዝን። ቆየት ብለው ደግሞ የክንዴን ክንድ ያዙት። «ከኔ መሆኑን ጻፍበት፤ እናቴ ናት ያስላከችው እንዳይል።»