የከሳ ገላና የሰፋ ቀሚስ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ራዶይካ የስኳር መድኃኒቷን ይዛ ከፋርማሲ ስትወጣ የሰርቢያዋ ከተማ የሌስኮቫትስ መንገድ በካፊያ ረጥቧል። ጃንጥላዋን ልትዘረጋ ስትል ዓይኗ አንድ አረንጓዴ ካፖርት ላይ አረፈ። ካፖርቱን ታውቀዋለች፤ የለበሰችውን ደግሞ ይበልጥ ታውቃታለች። የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት፣ መምህርቷ ዱብራቭካ ናት። ዱብራቭካ ግራ ቀኝ ገልመጥ አደረገችና ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ሹልክ ብላ ገባች።

«ይኸው!» አለች ራዶይካ በልቧ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።»

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ሁለቱ ሴቶች የአንድ ቤት ምራቶች ናቸው። ባሎቻቸው በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ዓይነት ደመወዝ ያገኛሉ። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ምን እንደምታህል የማያውቅ የለም። ታዲያ ዱብራቭካ ያን ሁሉ የሚያምር ልብስ ከየት ታመጣለች? ራዶይካ ይህን ድንች ስትልጥ ትጠይቃለች፣ ወለል ስትወለውል ትጠይቃለች፤ መልሱም ሁልጊዜ ወደ ክፉው ያዘነብልባታል። ወይ ዕዳ ነው፣ ወይ ወንድ ነው።

የባሰው ደግሞ ሁለቱም በአንድ ዓመት መክሳታቸው ነው። ዱብራቭካ ከወሊድ የተረፋትን ውፍረት ቀነሰች። ራዶይካን ግን ሐኪሙ ነው ያስደነገጣት፤ «ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው፤ ክብደት ካልቀነስሽ ለዓይንሽም ለእግርሽም ዋስ አልሆንም» አላት። ነጩን ዳቦ ተወች፤ በቅባት የራሰውን ድርብርብ ቂጣ፣ ቡሬኩን ተወች፤ በየማለዳው በቬተርኒትሳ ወንዝ ዳር መራመድ ጀመረች። ከሳች፣ ስኳሯም ወረደ። ነገር ግን አንዷ ስትከሳ አማረባት ተባለ፤ ሌላዋ ስትከሳ ታማለች ተባለ። የድሮ ልብሷ የተሰቀለባት እንጂ የለበሰችው አይመስልም። ገበያ ስትወጣ ጎመን ሻጮቹ ሳይቀሩ «ውይ ራዶይካ፣ ምነው? ተመርምረሻል?» ይሏታል። ቅናት እንደዚህ ነው፤ ሰው የራሱን ጤና እንኳ እንደ ጉድለት እንዲያይ ያደርገዋል።

ቅዳሜ ደግሞ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ነው። የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ በዓል፣ እነሱ ስላቫ የሚሉት፣ በታላቅየው ቤት፣ በራዶይካ ቤት ይከበራል። በዚያ ቀን እንግዳ አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል፣ እመቤቲቱንም ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ያያታል። ራዶይካ ቆርጣለች፤ በዓሉ እንዳለፈ ወደ ዳቦዋ ትመለሳለች። «በቁሜ ከሚቀብሩኝ ወፍሬ ልሙት» ብላለች።

ይህን በልቧ ይዛ ነው ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ የተከተለቻት። መንገዱ መጨረሻ ላይ አንድ በር አገኘች። ገፋ አድርጋ ገባች። ወንድ የለም። ያለው ከውጭ አገር የመጣ፣ በኪሎ የሚሸጥ የልባሽ ልብስ ክምር ነው። አንዲት ወፍራም ሻጭ ሸሚዝና ሹራብ አንድ ላይ ጠቅልላ እንደ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ትጥላለች። ዱብራቭካ እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ገብታለች።

«እትዬ ራዶይካ!» አለች ቀና ስትል፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ። «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ዝናቡን ልጠለል ብዬ ነው።»

«ዳቦ ቤቱ አይቀርብዎትም ነበር?»

«ዳቦ ተከልክያለሁ!»

ሻጯ ሳቀች። ራዶይካ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ዱብራቭካ ጆሮ ተጠጋች። «እውነቱን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ወንድ የያዝሽ መስሎኝ ነው የተከተልኩሽ።»

«ወንድ?» ዱብራቭካ በያዘችው ሹራብ አፏን አፍና እስኪያነባት ሳቀች። «ሁለት ሕፃን፣ አንድ ክፍል ሙሉ ደብተር፣ በዚያ ላይ የርስዎ ባል ወንድም አለብኝ። ሌላ ወንድ ደግሞ የት ላስቀምጠው? በረንዳ ላይ?»

«ታዲያ ምን ያስደብቅሻል?»

«አፍራለሁ እትዬ። መምህርቷ የኪሎ ልብስ ትለብሳለች እንዳይሉኝ። አዲሱ ጭነት አርብ ይገባል፤ ስለዚህ ሐሙስ የተረፈው በርካሽ ይሸጣል። ይኸው ምስጢሬ።»

ራዶይካ ጣቷን እንኳ ላለማስነካት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆመች። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሞተ ሰው ልብስ ነው። አንዷ የጀርመን አሮጊት ነፍሷ የወጣበት ቢሆንስ? በሽታ ቢኖርበትስ?»

«አሮጊቷ ሞታ ይሆናል፤ ካፖርቱ ምን አጠፋ? የሚቀቀለውን እቀቅላለሁ፣ የማይቀቀለውን በእንፋሎት ካውያ እተኩሳለሁ። ደግሞስ የአማታችንን የአንገት ልብስ ከቀብር ማግሥት ጀምሮ ይለብሱ የለም?»

«እሱ የዘመድ ሙት ነው!»

«እና የዘመድ ሙት ንጹሕ ነው?»

ራዶይካ ወሬ ለወጠች። «እኔ እንዳንቺ አልዋረድም። በበጋ ከትልቁ መንገድ ሱቅ በዱቤ የወሰድኩት ቀይ ቀሚስ አለኝ። ዛሬ ይጠበኛል እንጂ ይበልጥ ስከሳ ልኬ ይሆናል።»

«ገና ላልገቡበት ቤት ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው?»

«ሰፋፊዎቹም አሉኝ፤ አልጣልኳቸውም።»

«እነሱስ ለምን ይቀመጣሉ?»

«ክፉ ቀን አይታወቅማ።»

ዱብራቭካ የያዘችውን ሹራብ አስቀመጠች። «እትዬ፣ ሲያዩት ሁለት ቁም ሣጥን ልብስ አለዎት፤ አንዱ ለትናንቷ ራዶይካ፣ አንዱ ለነገዋ። የዛሬዋ ግን ራቁቷን ናት።» ይህን ብላ ከክምሩ አንድ ጥቁር የቆዳ ቀበቶ መዘዘች። «ይህን ይግዙ፣ ሌላ ምንም አይግዙ። ቀሪው ቤትዎ አለ። ልከተልዎት?»

ራዶይካ እንቢ ልትል ነበር። ከምትቀናባት ሴት እርዳታ መቀበል ጎሮሮ ላይ እንደሚቀር የዓሣ አጥንት ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ቅርብ ነበር። ቀበቶውን አስመዘነች።

ቤት ሲደርሱ ዱብራቭካ ቁም ሣጥኑን አገላብጣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስ አወጣች። ራዶይካ የከተማው የሱፍ ፋብሪካ ሳይዘጋ፣ ራሷ ተቀጥራ ስትሸምን ያሰፋችው ነው። ስትለብሰው እንደ ድንኳን ተንጠለጠለ።

«ይኸው! ሬሳ መስዬ የለም?» አለች መስተዋቱን እያየች።

«ጨርቁ ግን የዛሬ ሱቅ የማይሸጠው ነው። ትከሻው ልክ ነው፤ ትከሻ ልክ ከሆነ ጎን ይስተካከላል። ይቁሙልኝ፣ እላይዎ ላይ በረጃጅም ስፌት ልያዘውና በኋላ በስፌት መኪና እሰፋዋለሁ።»

«ቆይ! ክር ስጭኝ።»

በእነሱ አገር ልብስ በሰው ገላ ላይ ከተሰፋ አእምሮም አብሮ በክር ይሰፋል፣ ሰውም ይደነዝዛል ይባላል። መከላከያው ክር በጥርስ ነክሶ ስፌቱ እስኪያልቅ አለመናገር ነው። ዱብራቭካ የተማረች ብትሆንም አልተከራከረችም። አንድ ክር በጠሰችና አቀበለቻት።

«ይንከሱ። እንዲያውም ደስ ይለኛል። እስክጨርስ መናገር አይፈቀድም አይደል?»

«እም?» አለች ራዶይካ፣ ዓይኗ ፈጦ። ወጥመዱ የገባት ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለች ዱብራቭካ መርፌውን ከራዶይካ ብብት ሥር እያስገባች። «አንደኛ፣ ትርፉን ጨርቅ አልቆርጠውም፤ ውስጥ አጥፌ አስቀረዋለሁ። እርስዎ ገና ይከሳሉ፤ እንደገና አጠብበዋለሁ። ቢወፍሩም ስፌቱን እለቀዋለሁ፤ የዓለም ፍጻሜ አይሆንም። የሚከሳ ሰው ውድ ልብስ አይግዛ፤ በስድስት ወር ውስጥ የሌላ ሰው ልብስ ይሆንበታል።»

«እም እም!»

«ቀበቶዎ ጥቁር፣ ጫማዎ ጥቁር፣ ቀሚስዎ ጥቁር ሰማያዊ። እኔ ያለኝ ልብስ አምስት ወይ ስድስት ቢሆን ነው፤ ሁሉም እርስ በርሱ ስለሚስማማ ሃያ ይመስላል። ጉርድ ስገዛ ወገቡ በመቀነት የሚታሰረውን እመርጣለሁ፤ ስከሳ ጠበቅ፣ ስወፍር ላላ አደርገዋለሁ። አይንቀሳቀሱ! አሁን ደግሞ ስለ ሰፋፊዎቹ። ለክፉ ቀን ነው ያሉኝ። እትዬ፣ እነዚያን ልብሶች ያስቀመጡት ለበሽታው ነው። ተመልሶ ሲመጣ የሚለብሰው እንዳያጣ አልጋ አንጥፈው እየጠበቁት ነው።»

ራዶይካ ክሩን ይበልጥ ነከሰች። መስተዋቱ ውስጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ብዙዎቻችን ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ጥንቃቄ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለክፉው ወንበር ማቅረብ ነው።

ዱብራቭካ ወደ ሌላው ጎን ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የመጨረሻው፣ አፍዎ ካልተያዘ የማልናገረው ነው። እኔም እቀናብዎታለሁ።»

ክሩ ከራዶይካ አፍ ወጣ። «በኔ?»

«እትዬ፣ ክሩ!»

«ክሩ ይቃጠል! በኔ ምን ላይ ትቀኛለሽ? በዚህ ድንኳን?»

«ዘመድ ሁሉ የሚመጣው ወደ እርስዎ ማዕድ ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በስላቫ ቀን ሳህን አመላልሳለሁ። ልብሴን ያያሉ፣ ወዲያው ደግሞ ‹የራዶይካ ዓሣ እንዴት ይጣፍጣል› ይላሉ። ስሜን የሚያነሳ የለም። ታዲያ በልብስ ካልታየሁ በምን ልታይ?»

ራዶይካ ቁልቁል አየቻት። አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ንግሥት የሳለቻት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ መርፌ ይዛለች።

«ክሩን ይመልሱት፣ አእምሮዎ ይሰፋል» አለች ዱብራቭካ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«የኔ አእምሮ የሚሰፋ ቢሆን ይህን ዓመት በሙሉ ተሰፍቶ ከርሟል። ይልቅ ወገቡ ላይ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ቄሱ መጥተው የበዓሉን ዳቦ ባርከው ቆረሱ፤ ከለውዝና ከስኳር ጋር የተዘጋጀው ስንዴ ዞረ። የገና ጾም ስለሆነ ማዕዱ ዓሣና ባቄላ ነው። ራዶይካ በየደቂቃው ስፌቱ ተተርትሮ በእንግዳ ፊት እንደምትዋረድ ትጠብቃለች። አልተተረተረም። የባሏ አክስት ስታሜንካ፣ ማንንም የማይምሩት፣ ሹካቸውን አስቀምጠው ትኩር ብለው አዩዋት።

«አንቺ! ባለፈው ወር ‹ይህቺ ሴት ገናን አታይም› ብዬ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ኮረዳ የሆንሽው? ቀሚሱ ከቤልግሬድ ነው?»

ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ራዶይካ ዞረ። አንድ ዓመት ሙሉ የተጠማችው ዓይን ይኸው መጣላት። «አዎ፣ ከቤልግሬድ» ማለት ብቻ ነው፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ ዱብራቭካ የዓሣ ሳህን ይዛ ቆማለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ የሐሙስ ምስጢሯ እንዳይነሳባት ፈርታ።

«ቀሚሱ አሮጌው የራሴ ነው» አለች ራዶይካ። «ቀበቶው ከኪሎ ልብስ ቤት ነው፤ እኔው ሄጄ አስመዝኜ የገዛሁት። በልኬ የሰፋችው ዱብራቭካ ናት። የታመምኩ ያስመሰለኝ መክሳቴ አልነበረም፤ ልብሴ ነው። እሷ ባትኖር ዛሬ ማታ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እመለስ ነበር።»



«ከኪሎ ቤት?» አሉ አክስት ስታሜንካ።

«አዎን። ሐሙስ ርካሽ ነው።»

አሮጊቷ የሹራባቸውን እጅጌ ሳብ ሳብ አደረጉ። «ሐሙስማ ምን ይተርፋል? እኔ ረቡዕ ነው የምሄደው።»

ሳቁ ጠረጴዛውን አናወጠው። ዱብራቭካ ሳህኑን እንደያዘች ሳቀች፤ ራዶይካም ተነስታ ሳህኑን ተቀበለቻትና ከራሷ አጠገብ አስቀመጠቻት። በዚያ ምሽት ሴቶቹ የራዶይካን ዓሣ ከማንሳት ይልቅ ዱብራቭካን ሲጠይቁ አመሹ፤ ጎን እንዴት እንደሚጠብ፣ ሱፍ እንዴት እንደሚታጠብ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም አንባቢ ራሱ ይመዝን። አንዲት ሴት ጤናዋን ከሰው ምላስ አዳነች፤ የዱቤ በር ተዘጋ፤ በቁም ሣጥን የሚያረጀው ልብስ ለሚሞላው ሰው ተሰጠ፤ ሁለት ምራቶችም ከሩቅ መገማገም ትተው ተነጋገሩ። ልብስ የሚያምረው በዋጋው አይደለም፤ ዛሬ ያለውን ገላ ሳያፍርበት ሲይዝ ነው።

ቅናት ግን ከሰው ልብ ጨርሶ ይወጣል ብዬ አልዋሽም። እሑድ ማለዳ ሁለቱ ሴቶች በወንዙ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲራመዱ፣ ወጣቷ ከኋላ ቀረች።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ትንፋሼ አለቀ!»

ራዶይካ ሰማች። አልዘገየችም። በዚህ እንኳ መቅደሟ እንዴት ደስ እንዳላት!